በ18 ማዞሪያ የተሰጠ ፍርድ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ስሙን አልጠቅሰውም፤ ባለቤቱም ቤቱም ዛሬ በቦታቸው የሉም። በሩ ላይ የሰው ወገብ የሚደርስ ጥቁር ስፒከር ይቆም ነበር፤ ከስፒከሩ ጎን ደግሞ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ የእንጨት አግዳሚ ወንበር። የመርካቶና የጦር ኃይሎችን ታክሲ ሲጋፋ የሚያረፍደው ሰው ወደደም ጠላም አዲሱን ካሴት ሰምቶ ነበር የሚሳፈረው። አግዳሚው ላይ የምንቀመጠው ግን ታክሲ ጠባቂዎች አልነበርንም። ፈራጆች ነበርን።

አዲስ አልበም በወጣ ሳምንት የዚያ ወንበር ሥራ ይበዛ ነበር። «ግጥሙ ወዝ የለውም።» «ዜማው የእከሌ ነው።» «ድምፁ መልካም፤ ቅንብሩ ገደለው።» «ሁለተኛውን ገጽ ስማ፣ የመጀመሪያውን ተወው።» ወያሎች ይህንን ፍርድ ይዘው ወደ መርካቶ ይወርዱና ከሰዓት በኋላ የመርካቶን ፍርድ ይዘው ይመለሱ ነበር። ሁለቱ ፍርዶች ካልተስማሙ ክርክሩ እስከ ማታ ይዘልቃል። እኔ በዚያን ዘመን ልብ ወለድና ግጥም በማንበቤ የምኮራ ወጣት ስለ ነበርኩ በጉባኤው ዘንድ የግጥም ዳኛ ሆኜ ተሹሜ ነበር። ሹመቱን የሰጠኝ ማንም አልነበረም፤ እኔው ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ በዚያ ወንበር ላይ የሰጠሁት አንድ ፍርድ ነው።

በ1994 ዓ.ም. መባቻ የእጅጋየሁ ሽባባው አልበም ያ ስፒከር ዘንድ ደረሰ። በባሕር ማዶ የወጣው ከጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። አሳታሚው ፓልም ፒክቸርስ፣ አዘጋጁ አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል፣ ከአጃቢዎቹ መካከልም ሄርቢ ሀንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ይገኙበታል። እኛ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አናውቅም። የደረሰን ከሲዲ ወደ ካሴት የተገለበጠ ድምፅ፣ በላዩም በእስክሪብቶ «ጂጂ፣ አዲሱ» የሚል ጽሑፍ ነው። ገንዘቤን ከፍዬ አንድ አስቀዳሁ። ሁለት ቀን ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ፍርዴን ሰጠሁ፦ «ይህ የእኛ አይደለም። ለፈረንጅ የተዘፈነ ነው።»

አንዳንዱ ተቃወመኝ፣ አብዛኛው ደገፈኝ። ነገሩ በእኛ ሰፈር ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ አልበሙ በውጭ ሲሞገስ በአገር ቤት ብዙ አከራክሯል። እኔ ግን ከክርክርም አለፍኩ፤ ካሴቱን መልሼ ለባለ ሙዚቃ ቤቱ ሰጠሁትና በላዩ ላይ ሌላ ዘፋኝ አስቀዳሁበት። ባዶ ካሴት ውድ ነበር፣ ብክነት መሰለኝ።

ከሙዚቃ ቤቱ ቀጥሎ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ የሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ጥሩምባ ይነፉ ነበር ይባላል፤ ሰፈሩ «ጋሼ» ብቻ እያለ ነበር የሚጠራቸው። በክርክራችን አይገቡም ነበር። ያን ቀን ግን ካሴቴን ሳስገለብጥ አይተው ፈገግ አሉ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ ጋሼ?» አልኳቸው፣ ደግፈው እንዲያሳርፉኝ ፈልጌ።

«እኛንም እንደዚሁ ብለውን ነበር» አሉ።

«ማን?»

«ያንተ ዓይነቶቹ» ብለው መቀሳቸውን አነሡ።

ያችን መልስ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ፈረንጆቹ «ኢንዲ» የሚሉት ከትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ውጭ፣ በራስ ገንዘብና በራስ ፈቃድ የሚወጣውን ሙዚቃ ነው። «አልተርናቲቭ» የሚሉት ደግሞ ከገበያው ጣዕም ፈንጠር ብሎ የቆመውን። ስሞቹ የእነርሱ ይሁኑ እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ፣ በእኛ አገር ትልቁ ኩባንያ ራሱ መንግሥት መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሙዚቀኛውም ባብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪ ነበር፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ዘፋኙ ደመወዝተኛ፣ ብዙውን ጊዜም ባለ ማዕረግ ነው። (ከሰፈሬ ላለመራቅ፦ የእኛዋ ኮልፌም በዓለም መጻሕፍት የምትጠቀሰው በፖሊስ ሠፈሯ ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚህ ነበር።)

ይህንን ግንብ መጀመሪያ የነቀነቀው አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ፣ በራሱ ስም የሸክላ ማሳተሚያ ከፍቶ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አወጣ። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራው መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ ድረስ እየተላከ ይታተም ነበር። ለቅጣት አልተጠራም። እስከ 1975 ባሉት ጥቂት ዓመታት 103 ያህል ነጠላ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳተመ፤ ከዚያ አብዮቱ መጣና ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ስሙን ከሙዚቃ ሰዎች ውጭ የሚያውቀው ብዙ አልነበረም። ለእኔ ከማንኛውም የዘመናችን «ነጻ አሳታሚ» በፊት ስሙ መጻፍ ያለበት የእርሱ ነው። ነጻነቱ በአባባል አልነበረም፤ ሕግ አፍርሶ፣ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ ነው።

አሁን ወደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ለመሆኑ እነዚያ ሸክላዎች ሲወጡ ምን ተባለላቸው? በሥነ ጽሑፉ በኩል ሐያስያን አላጣንም፤ ዮናስ አድማሱን፣ ደበበ ሰይፉን፣ ዘሪሁን አስፋውን የመሳሰሉ ሰዎች የአንድን ልብ ወለድ ወይም የአንድን ግጥም ብልት አውጥተው አሳይተውናል። በሙዚቃው በኩል ግን አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት እጄ በገባ ቁጥር ብፈልግም የማገኘው ይህን ያህል አልሆነልኝም። ዜና አለ፤ ፎቶግራፍ አለ፤ የአድናቂ ግጥም አለ። አንድን አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞ «ይህ ተሳክቷል፣ ይህ አልተሳካም፣ ምክንያቱም» የሚል ጽሑፍ ግን እምብዛም ነው። ሠርፀ ፍሬስብሐትን የመሰሉ ባለሙያዎች በሬዲዮም በጽሑፍም ይህን ክፍተት ሊሞሉ የደከሙት በእኛ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ሂሱ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ፤ በአግዳሚ ወንበር፣ በታክሲ፣ በጠጅ ቤት፣ በሻይ ቤት። ተነግሮ የሚቀር ሂስ ነው። የተናጋሪው ስሕተትም አብሮት ይጠፋል፤ ሐያሲው ከስሕተቱ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም።

ሙላቱ አስታጥቄን እንውሰድ። ጂማ ተወልዶ፣ በዌልስና በለንደን ተምሮ፣ ከዚያ በቦስተኑ የበርክሌ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት አልበሞች፣ በ1972 እዚያው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን፣ በ1974 ደግሞ በአምሃ ሸክላ ቤት የየካቲትን ስም የያዘውን የኢትዮ ጃዝ አልበም አወጣ። እርሱ ራሱ በኋላ በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ሥራው በአገር ቤት በመጀመሪያ በቀላሉ እንዳልተዋጠለት ተናግሯል። ለምን? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ እኛ ሙዚቃን በግጥም የምንሰማ ሕዝብ ነን። ቃል የሌለው ዜማ ለብዙዎቻችን ዘፈኑ እስኪጀመር የሚጠበቅበት መግቢያ ነው። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የማውቀው በሬዲዮ፣ በዜናና በማስታወቂያ መካከል መሸጋገሪያ ሆኖ ነበር። የማን እንደ ሆነም ጠይቄ አላውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ጠለቅ ይላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች በአምስት አምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። የምዕራቡ ሙዚቃ ደግሞ አሥራ ሁለት ድምፆችን እያነባበረ ኅብር ይሠራል። ከአንቺሆዬ ሥር ያልተፈቀደ አንድ ድምፅ ካስገባህ ያ የሚያሳክክ፣ የሚያባባ ጠባዩ ይሟሟል፤ ዜማው ይቀራል፣ አንቺሆዬ ግን ይሄዳል። ሙላቱ የሠራው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ዜማውን በአምስቱ ድምፆች ላይ አጽንቶ፣ ኅብሩን ከበታች እየለካ፣ ቀለሙ ሳይለቅ ማልበስ። አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፣ አንዳንድ ጊዜ ላቲኑ ይጫነዋል፤ ከ1966ቱ አልበሞች ይልቅ የ1974ቱ ለዚህ ነው የሚበልጥብኝ። በወቅቱ «ይህ የእኛ አይደለም» ያለው ሰው ጆሮው ዋሽቶት አልነበረም። አንድ ነገር ሰምቷል፤ ድንበሩ ላይ የሚደረገውን ጥንቃቄ የተሞላ ትግል ሰምቷል። የሰማውን ለመመርመር ግን አልቆየም፤ ቃሉን ተናግሮ ተነሣ።

እስቲ «የእኛ» የሚለውንም እንፈትሸው። በእነዚያ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የጋሼን ጥሩምባ ማን አመጣው? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ፣ የቤተ መንግሥቱ የናስ ባንድ ሆኑ፤ «አርባ ልጆች» እያልን እናስታውሳቸዋለን። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ በቴአትር ቤቱ ብዙ ዘፋኝና ነፊ አፍርተዋል። ያ የናስ ድምፅ ለጋሼ ዘመን አድማጭ እንግዳ ነበር፤ ለእኔ ዘመን አድማጭ ግን «ጥንታዊው፣ እውነተኛው የእኛ ሙዚቃ» ሆኖ ጠበቀኝ። እኔም በስሙ ጂጂን ከሰስኩ።

ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከአፍ አውጥቶ በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው። ፎካሪው የሚያጓራበትን፣ ትንፋሹን የሚቆርጥበትን ቦታ ሁሉ ሳክስፎኑ ላይ አስቀምጦታል። ይህ ሰው በእርጅናው ዘመን እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን ያወጣው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር። ጊታራቸው እንደ ቆርቆሮ የሚንጫጫ፣ ለስላሳ ነገር የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ አልበም ላይ ግን ሽለላው ተመችቶታል፤ ጦር ሜዳው እንደ ገና ተገኝቶለታል። ከሆቴል ባንዶች ትሕትና ይልቅ የእነርሱ ጩኸት ይስማማዋል የሚል እምነት አለኝ። ብዙ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም።

ወደ ካሴቱ ዘመን ስንመጣ ከሁሉ የሚገርመኝ የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ደብረ ብርሃን የተወለደው ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ የወጣው «ቸበለው» የእነርሱ ነው። ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ፣ ያለ ባንድ አንድ አልበም ቀዳ፤ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ከዚያ ዝም። ኃይሉ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን እያወጣ ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት አገኘው፤ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። ዓለም ስሙን ጠራው። በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

ይህን ሳስብ የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር አለ። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ ነበረ። ከፈረንጁ በፊት ስንት እጅ አንሥቶ አስቀምጦታል? «ይህ ድምፅ ብቸኝነት አለው፣ አንድ ሰው ከባንዱ ተለይቶ ከማሽን ጋር ሲነጋገር የሚሰማ ነው» ብሎ አንድ አንቀጽ የጻፈ የእኛ ሰው ቢኖር፣ ያ አንቀጽ ዛሬ ምን ያህል ዋጋ በነበረው!

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ ከ30 ያላነሱ ቅጾች አሳትሟል። ከዚያ አስቀድሞም፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» በቤልጂየም እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል። አራተኛው ቅጽ ሙላቱን ለዓለም አስተዋወቀ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ሲጠቀምበት ደግሞ ነገሩ ተጋጋለ። ለዚህ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ እርሱ ባይኖር ብዙው ሸክላ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር። ሆኖም ያ ፍርድም የራሱ ጆሮ አለው። «ወርቃማ ዘመን» ብሎ ከ1969 እስከ አብዮቱ ማግሥት ያጠረው አጥር ውስጥ የካሴቱ ዘመን ኪቦርድ ለብዙ ጊዜ መግቢያ አጥቶ ቆይቷል፤ በዚያ ሚዛን ኃይሉም ዘግይቶ ነው የተቆጠረው። ሌላም አለ። የውጭው አድማጭ ግጥሙን አይሰማም። ለእርሱ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅና የአንድ ጥሩ ሳክስፎን ድምፅ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ለእኛ አይቆሙም፤ ጥላሁን ቃል ይዟል። እነርሱ ያለ ቃል ሰሙ፣ እኛ ያለ ድምፅ ሰማን። ሙዚቃችን የተፈረደበት በሁለት ግማሽ ጆሮዎች ነው።

ጂጂን እንደ ገና የሰማሁት በ1999 ዓ.ም. ነው። ከውጭ የመጣች የአክስቴ ልጅ ዋናውን ሲዲ ሰጠችኝ። ማታ ብቻዬን፣ በጆሮ ማዳመጫ አዳመጥኩት። በስፒከሩ ላይ የጠፋው ሁሉ ነበረ።

ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። በልጅነቷ እቤታቸው ከሚመጡ ካህን ዜማ ትማር እንደ ነበር ተናግራለች። ያ ትምህርት በአልበሙ ውስጥ ጌጥ ሆኖ አልተለጠፈም፤ ድምፅዋ በአንድ ፊደል ላይ ስትንከባለል፣ ስትወጣ ስትወርድ፣ የምትተነፍስበት ቦታ ራሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። «ካህን» የተሰኘውን ዘፈን ብቻ መስማት ይበቃል። «ዓድዋ» ላይ ደግሞ ያደረገችውን ነገር ለመረዳት ስንት ጊዜ መለስኩት! እኛ ዓድዋን በፎካሪ አፍ ነው የለመድነው፤ የገደለው፣ የማረከው ይናገራል። እርሷ ግን በተከፈለላት ሰው አፍ ዘፈነችው። ሕይወት የተሰጣት የልጅ ልጅ ቆማ ዕዳዋን ስትቆጥር ነው የምንሰማው። ፉከራው ወደ ምስጋና ሲዞር ቅኝቱም ፍጥነቱም ተቀየረ፤ ያ ሁሉ የባዕድ መሣሪያ ዝግ ብሎ ከበታቿ የተኛው ለዚህ ነበር። የ1994ቱ ዳኛ ይህን አልሰማም። በሳክስፎኑ ተናድዶ ነበር።

ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። በዚህ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። በገጠር አንዲት ሴት ድዷን ስትነቀስ ሙሉ በሙሉ ካላጠቆረችውና ጥቁሩን ከተፈጥሮው ቀለም ጋር እያፈራረቀች ካስነቀሰችው ጉራማይሌ ተነቀሰች ይባላል። ስትስቅ የሚታይ ቁንጅና ነው። ቃሉ ከተማ ሲገባ ግን ነውር ሆነ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ የሚናገረውን ሰው ጉራማይሌ ተናጋሪ እያልን እንሰድበዋለን። አንድ ቃል፣ አንድ ጊዜ ሙገሳ፣ አንድ ጊዜ ወቀሳ። ለተቀላቀለ ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ የሂስ ቃል አላውቅም፤ ምክንያቱም ጥያቄውን በትክክል ያስቀምጠዋል። ንቅሳቱ የሚያምረው ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ በየቦታው ስለሚቆም ነው። ንግግሩ የሚያስጠላው አንዱ የሌላውን ቦታ ስለሚወስድ ነው። ስለዚህ አንድን አልበም «ቀላቅሏል ወይስ አልቀላቀለም?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የቱ ጉራማይሌ ነው? የድዱ ወይስ የአፉ?

በዚህ ሚዛን የጂጂ አልበም ባብዛኛው የድዱ ነው። ባብዛኛው አልኩ፤ ጥፋት የለበትም አላልኩም። አንዳንድ ቦታ የላስዌል ቤዝና የኪቦርዱ ጉም ወፍሮ ቃሏን ይውጠዋል፤ አማርኛ የማይሰማ አዘጋጅ የግጥሙ ክብደት የቱ ላይ እንደ ሆነ እንዴት ይወቅ? በ2003 የዚሁ አልበም ድምፆች ተበትነው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም እንደ ገና ሲቀናበሩ ደግሞ ጉሙ ራሱ አልበም ሆነ፤ ቃሏ ብልጭ እያለ ይጠፋል። ያንን የሚወዱ አሉ። እኔ አልወደድኩትም፤ አሁን ግን «የእኛ አይደለም» ብዬ አይደለም። ድምፅዋን ወደ ዕቃነት ስለ ለወጠው ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ይበልጥ ብቸኛ ናቸው። ሚካኤል ሰይፉ በ2014 «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 «ዘላለም»ን፣ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉም በ2014 «ቀን ሰው»ን በውጭ አገር ባሉ ትናንሽ አሳታሚዎች በኩል አወጡ። አጫጭር አልበሞች ናቸው፤ ኮምፒውተር፣ ክራርና ማሲንቆ፣ የሰው ድምፅ ቁራጭ። እንደገና ሙሉ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይለዋል። «ዘላለም»ን ስሰማ የምወደው ለዝምታ ቦታ መስጠቱን ነው፤ ድምፅ ከድምፅ እስኪደርስ ይጠበቃል። የሚከፋኝ ማሲንቆው አንዳንዴ እንደ ቅመም ብቻ ሲነሰነስ ነው፤ ሳይናገር ያልፋል። «ቀን ሰው» ሻካራ ነው፣ ያልተጠረበ፤ ለእኔ ግን ከተማዋን ይበልጥ ይመስላታል። በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ይዞ የመጣው ዲጄው ሮፍናን ደግሞ ይህንኑ የማሽን ድምፅ ወደ አደባባይ አወጣው። ሕዝቡ ተቀበለው፤ ወጣቱ በቃሉ ያዘው። ግጥሙ ሐሳብ አለው፤ ዳንኪራው ሲበረታ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ለአንድ ሙሉ መጽሔት የሚበቃ ክርክር ይወጣቸዋል።

ባለፈው ወር በ18 ማዞሪያ አልፌ ነበር። ሙዚቃ ቤቱ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። የጋሼ የስፌት ቤት በር ተደፍኖ ግድግዳ ሆኗል፤ እርሳቸውን መጨረሻ ያየኋቸው መቼ እንደ ሆነ ማስታወስ አቃተኝ። ታክሲው ውስጥ ሹፌሩ ከስልኩ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ የየራሱን ጆሮ ማዳመጫ ሰክቷል። ስለ ምን እየፈረዱ እንደ ሆነ ማወቅ አልተቻለኝም።

ቤት ስገባ ያንን ካሴት ከሳጥን አወጣሁት። የጎረቤት አሮጌ ቴፕ ተውሼ አስገባሁት። በላዩ ያስቀዳሁት ዘፋኝ፣ ያን ጊዜ «ይህ ነው የእኛ» ያልኩት፣ የከበሮ ማሽኑና ኪቦርዱ እየተንቀጫቀጨ ዘፈነ። ካሴቱ ከዘፈኖቹ ይረዝም ኖሮ ሁለተኛው ገጽ ወደ ማለቂያው ሲደርስ እርሱ ዝም አለ። ጥቂት የክር ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያም ያልተጠረገው የጂጂ ድምፅ፣ ከዘፈኑ መካከል ተቆርጦ፣ ክሩ እስኪያልቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል።